ከኤክሴል ወደ ኤሌክትሮኒክ ቅጽ፦ ሒሳቡ መንገድ ላይ እንዳይቀር

ከእንጅባራ ተነስቶ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ዳንግላ የሚወስደውን አስፋልት የተመላለሰበት ነጋዴ በግራና በቀኝ የተተከለውን ዲከረንስ ሳያስተውል አያልፍም። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ማሳውን ለዚህ ዛፍ ከለቀቀ ቆይቷል። ዛፉ በአራትና በአምስት ዓመት ይደርሳል፤ ገበሬው አንዳንዴ አክስሎ፣ አንዳንዴም በቁሙ ይሸጠዋል፤ ከሰሉም አዲስ አበባ ድረስ ይጫናል።

በዚህ ንግድ ገንዘቡን ያስገባ ሰው ሁለት ሒሳብ አይቀርለትም። አንደኛው ዛሬ የወጣውን ብር ከዓመታት በኋላ ከሚገባው ብር ጋር ማነጻጸር ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ የብድር ከሆነ፣ የየወሩን ክፍያ ማወቅ ነው። ሁለቱንም ኤክሴል ያውቃቸዋል። ሦስት ቁጥር ሰጥቶ አንድ መልስ መቀበል የለመደ የሒሳብ ሠራተኛ በየንግድ ቤቱ አለ።

ችግሩ የሚመጣው ሒሳቡ ከቢሮ ሲወጣ ነው። ዛፉ ሥር ቆሞ ዋጋ የሚነጋገረው ደላላ እንጂ የሒሳብ ሠራተኛው አይደለም፤ በእጁ ያለውም ኮምፒዩተር ሳይሆን ስልክ ነው። ስለዚህ ነጋዴው ደላላው የሚሞላው ኤሌክትሮኒክ ቅጽ ያሠራል፦ የማሳው ስፋት፣ የተጠየቀው ዋጋ፣ የብድሩ መጠን፣ የመክፈያው ጊዜ። ቅጹ ወዲያው አስልቶ «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» እንዲል ይፈለጋል። በዳንግላ እህል የሚሰበስበውም ሆነ በእንጅባራ ድንችና ቀርከሃ የሚነግደው ቅጹን የሚፈልገው ለዚሁ ነው። ቅጹ ግን ኤክሴል አይደለም። ኤክሴል በአንድ ቃል የሚሠራውን ሥራ አብዛኛው ቅጽ በቃሉ አያውቀውም፤ ከሀ እስከ ፐ አንድ በአንድ ሊነገረው ይገባል።

ይህ ደግሞ የዋዛ ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋውን እንዳያጣ ደንግጓል። ከቅጹ ወጥቶ ለገዢ የተላከ ዋጋ «ማሽኑ ነው የተሳሳተው» በሚል ምክንያት በቀላሉ የሚመለስ አይሆንም።

የወር ክፍያው እንዴት ይታሰባል?

ከብድሩ እንጀምር። ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ 500,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ወለድ፣ በ24 ወር ተከፍሎ እንዲያልቅ ተበደረ እንበል። ኤክሴል ላይ «ፒኤምቲ» የሚባለውን ፎርሙላ የጠራ ሰው መልሱን ወዲያው ያገኛል፤ በየወሩ 24,962 ብር ከ05 ሳንቲም ነው። ፎርሙላው በማያውቀው ቅጽ ላይ ግን መንገዱ እንዲህ ይነገራል።

የዓመቱ ወለድ 0.18 ለ12 ይካፈላል፤ 0.015 ይሆናል። በዚህ ላይ 1 ተደምሮ የሚገኘው 1.015 ለ24 ወር 24 ጊዜ እርስ በርሱ ይባዛል፤ 1.4295 አካባቢ ይመጣል። 1 ለዚህ ቁጥር ይካፈልና ውጤቱ ከ1 ላይ ይቀነሳል፤ 0.300456 ይተርፋል። በመጨረሻ ብድሩ በወር ወለዱ ሲባዛ የሚገኘው 7,500 ብር ለዚህ ትራፊ ይካፈላል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ቅጹ እርስ በርስ ማባዣ ምልክት ከሌለው ደግሞ ከ1 ጀምሮ በ1.015 ሃያ አራት ጊዜ እንዲያባዛ በድግግሞሽ ይታዘዛል፤ መልሱ ያው ነው።

ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ገንዘብ የሚጠፋው እዚሁ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን ትራፊ ሳጥኑ አሳጥሮ 0.30046 ብሎ ቢይዘውና ቀጣዩ ሳጥን ያንኑ ያጠረ ቁጥር ቢወስድ፣ የወሩ ክፍያ 24,961 ብር ከ73 ሳንቲም ይሆናል። 32 ሳንቲም ማንንም አያስቆጣም። ሆኖም ከአበዳሪው ሠንጠረዥ ጋር የማይገጥም ደብተር ወሩ በመጣ ቁጥር ንትርክ መሆኑን የሒሳብ ሰው ያውቀዋል። ኤክሴል ሁለት አኃዝ ቢያሳይም በሆዱ የሚይዘው ሙሉውን ቁጥር ነው። ቅጹ ላይ ግን የሚታየው ቁጥርና የሚታሰበው ቁጥር አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ማሳጠር የሚገባው መጨረሻ ላይ፣ ብሩ ሲወጣ ብቻ ነው። ክፍያው በሳንቲም ስለሚቆረጥም የመጨረሻው ወር ክፍያ ከሌሎቹ በጥቂት ሳንቲም እንዲለይ መፍቀድ ያስፈልጋል።

ሌላው የመቶኛው ነገር ነው። ኤክሴል ሳጥኑ ውስጥ 18% ሲጻፍ የሚይዘው 0.18 ነው። ቅጹ ላይ ደላላው 18 ብሎ ከጻፈ ቅጹ የሚያየው አሥራ ስምንት ነው፤ የወር ክፍያውም 750,000 ብር ሆኖ ይመጣል! ይህ ስሕተት ትልቅ በመሆኑ ወዲያው ይታያል። የሚያስፈራው ያልታየው ነው። ክፍያው በወሩ መጀመሪያ ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ? ኤክሴል ካልተነገረው የወሩን መጨረሻ ይወስዳል። በመጀመሪያ ቢከፈል ክፍያው 24,593 ብር ከ15 ሳንቲም ይሆን ነበር። በኤክሴል ላይ ይህን ምርጫ ማን እንደመረጠው የሚያስታውስ የለም፤ ቅጹን የሚሠራው ሰው ግን ሳይመርጥ አያልፍም።

ወለድ የሌለው ብድርስ? ከዘመድ ያለ ወለድ የተወሰደ ገንዘብ ቅጹ ላይ ዜሮ ተብሎ ሲሞላ ከላይ ያለው መንገድ ዜሮን ለዜሮ ወደ ማካፈል ይደርስና ቅጹ ይቆማል ወይም ትርጉም የሌለው ምልክት ያወጣል። ኤክሴል ይህን በራሱ ያልፈዋል። ቅጹ ግን «ወለዱ ዜሮ ከሆነ ብድሩን ለወሩ ብዛት አካፍል» ተብሎ መታዘዝ አለበት፤ በምሳሌያችን 20,833 ብር ከ33 ሳንቲም ማለት ነው።

«18 በመቶ» ሁሉ አንድ አይደለም

ቅጽ ለማሠራት የተነሳ ነጋዴ ሁሉ ሳይወድ በግዱ ለአበዳሪው የሚያቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፦ ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመጀመሪያው ብድር ላይ?

ከላይ ያሰብነው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው። በአንደኛው ወር ወለዱ 7,500 ብር፣ ከዋናው ብድር የሚቀነሰው 17,462 ብር ከ05 ሳንቲም፣ ቀሪው ዕዳ 482,537 ብር ከ95 ሳንቲም ይሆናል። በሁለተኛው ወር ወለዱ ወደ 7,238 ብር ከ07 ሳንቲም ይወርዳል። እንዲህ እያለ በ24 ወር የሚከፈለው ጠቅላላ ወለድ ወደ 99,089 ብር ይጠጋል።

በሌላ በኩል በአነስተኛ ብድር ሙያ «ፍላት» የሚባለው አሠራር አለ። በዚህ አሠራር ዕዳው ቢቀንስም ወለዱ ሁልጊዜ በ500,000 ብር ላይ ይታሰባል፦ በዓመት 90,000፣ በሁለት ዓመት 180,000 ብር። የወር ክፍያው 28,333 ብር ከ33 ሳንቲም ነው። ሁለቱም ወረቀት ላይ «18 በመቶ» ይባላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከ80,900 ብር በላይ ነው። የፍላቱ 18 በመቶ በቀሪ ዕዳ ስሌት ቢተረጎም በዓመት ከ31 በመቶ በላይ ይሆናል።

እኛ እንደምናየው ከዚህ ሁሉ ሥራ የሚገኘው ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። ኤክሴል ያለቀለት ፎርሙላ ስለሚያቀርብ ጥያቄውን ሳይጠይቁ ማለፍ ይቻላል። ቅጹ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ካልተነገረው አይንቀሳቀስም፤ የአበዳሪውን ደንብ ሳያውቁ እርምጃውን መንገር አይቻልም። ውሉን ከመፈረም በፊት የአከፋፈል ሠንጠረዡን ጠይቆ የሁለተኛውን ወር ወለድ ማየት ብቻ ይበቃል። 7,238 ከሆነ በቀሪው ዕዳ ላይ ነው፤ 7,500 ከሆነ ፍላት ነው።

ዲከረንሱ ያዋጣል?

ወደ ዛፉ እንመለስ። አንድ ባለገንዘብ ለችግኝ፣ ለመሬት ኪራይና ለጉልበት ዛሬ 100,000 ብር አውጥቶ ከአራት ዓመት በኋላ 190,000 ብር ለማግኘት አስቧል እንበል። ትርፉ 90,000 ብር ነው ብሎ የሚደሰት ብዙ ነው። ነገር ግን የአራት ዓመት ብር የዛሬ ብር አይደለም። ገንዘቡ ሌላ ሥራ ላይ ቢውል በዓመት 15 በመቶ ያስገኝ ነበር ካልን፣ የነገውን ብር ወደ ዛሬ መመለስ ያስፈልጋል። (15 በመቶ የወሰድነው ለምሳሌ ነው፤ ብሔራዊ ባንክ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የፖሊሲ ወለድ ምጣኔን ሲያስተዋውቅ የጀመረውም በዚሁ ቁጥር ነበር።)

1.15 አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 1.749 ይሆናል። 190,000 ለዚህ ሲካፈል 108,633 ብር ይመጣል። ከዚህ ላይ የወጣው 100,000 ሲቀነስ የተጣራው የዛሬ ዋጋ 8,633 ብር ነው። ያዋጣል፤ ግን በጠባብ ነው። ዛፉ ከ174,900 ብር በታች ከተሸጠ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻል ነበር ማለት ነው። ዲከረንስን ባለፉት ዓመታት የመታው የዝገት በሽታ ይህ ጠባብ ልዩነት በአንድ ክረምት ሊጠፋ እንደሚችል ያሳየ ነው። ስለሆነም ቅጹ አንድ ዋጋ ብቻ ሳይሆን «ዝቅተኛ» እና «የሚጠበቅ» የሚሉ ሁለት የዋጋ ሳጥኖች ቢኖሩት ይመረጣል።

እዚህ ላይ ኤክሴልን አምነው የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው። «ኤንፒቪ» የሚባለው የኤክሴል ፎርሙላ የመጀመሪያውን ቁጥር የሚቆጥረው ዛሬ እንደወጣ ሳይሆን ከአንድ ዓመት በኋላ እንደወጣ አድርጎ ነው። የዛሬውን 100,000 ብር ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ የከተተ ሰው መልሱ 7,507 ብር ይሆንበታል፤ ትክክለኛው 8,633 ነው። የዛሬው ወጪ ከፎርሙላው ውጭ ሆኖ ለብቻው መቀነስ አለበት። ሒሳቡን ወደ ቅጽ ለማዛወር በእጁ ደረጃ በደረጃ የሠራ ሰው ሁለቱ መልሶች እንደማይገጥሙ ሲያይ ይደነግጣል፤ የዓመታት ኤክሴሉ የተሳሳተ መሆኑንም ያን ጊዜ ይረዳል።

ግብሩ ሲለወጥ ቅጹስ?

ስለ ታክስ ባጭሩ። ዋጋው ቫትን ጨምሮ 11,500 ብር ከሆነ ቫቱ የሚወጣው ለ1.15 በማካፈል ነው፤ መነሻው 10,000፣ ቫቱ 1,500 ብር ይሆናል። 11,500ን በ15 በመቶ አባዝቶ 1,725 ብር የሚያወጣ ቅጽ በእያንዳንዱ ደረሰኝ 225 ብር ይሳሳታል።

ከዚህ የባሰው ምጣኔን ፎርሙላ ውስጥ ቀብሮ መተው ነው። የደመወዝ ግብርን እንውሰድ። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 መሠረት የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በ35 በመቶ ተሰልቶ 1,500 ሲቀነስለት 2,700 ብር ግብር ይከፍል ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 መደቦቹን ሲለውጥ ይኸው ሠራተኛ በ30 በመቶ መደብ ውስጥ ገባ፤ 1,350 ሲቀነስ ግብሩ 2,250 ብር ነው። የጡረታ መዋጮው 7 በመቶ፣ 840 ብር፣ አልተነካም፤ በእጁ የሚደርሰው 8,910 ብር ይሆናል። አሮጌውን መደብ በሆዱ የያዘ የደመወዝ ቅጽ በየወሩ ከዚህ ሠራተኛ 450 ብር ያለአግባብ ይቆርጣል፤ ቅጹም አንዳች ምልክት አይሰጥም። ኤክሴል ላይ ቢሆን ሠንጠረዡን ከፍቶ ማየት ይቻል ነበር። በመሆኑም ምጣኔዎችና መደቦች ከፎርሙላው ወጥተው በአንድ ቦታ፣ ሥራ ላይ ከዋሉበት ቀን ጋር፣ መቀመጥ አለባቸው።

ጳጉሜንስ የት ገባች?

ውጭ አገር የተሠራ ቅጽ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ውሉ «በየወሩ በ30» የሚል ከሆነና ወለዱ በቀን የሚቆጠር ከሆነ፣ ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30 ያለው ጊዜ 35 ቀን እንጂ 30 ቀን አይደለም፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ደግሞ 36። በ500,000 ብር ዕዳና በ18 በመቶ ወለድ፣ ዓመቱ 365 ቀን ተብሎ ሲታሰብ፣ የአምስቱ ቀን ወለድ 1,232 ብር ከ88 ሳንቲም ነው። ይህን ማን ይከፍላል? መልሱ ያለው በውሉ ውስጥ ነው፤ ቅጹ ግን ውሉን አላነበበም።

መሣሪያውን በተመለከተ

የጉግል ቅጽ መልስ ይሰበስባል እንጂ ሞይው ፊት አያሰላም፤ ስሌቱ የሚሠራው መልሱ ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ቢሮ ላለ ሰው ይህ ይበቃል፤ ዛፉ ሥር ለቆመ ደላላ ግን አይበቃም። በእርዳታ ድርጅቶች ዘንድ የተለመዱት ኦዲኬና ኮቦ ቱልቦክስ ግን መረብ በሌለበት በስልክ ይሠራሉ፤ ቅጹም የሚዘጋጀው ኤክሴል ላይ ነው። ይህ ሰውን ያታልላል፤ ምክንያቱም የኤክሴል ፎርሙላ በዚያ አይሠራም። እንዲያውም የማካፈያው ምልክት ዘንባባው መስመር ሳይሆን «ዲቭ» የሚል ቃል ነው። በኤክሴል ባዶ ሳጥን እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ በእነዚህ ቅጾች ግን አንድ ባዶ ሳጥን ጠቅላላውን ድምር ሊያበላሽ ይችላል። ቀንን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስሞላት መቻላቸው ግን የሚያስመሰግን ነው፤ ውስጥ ውስጡን የሚይዙት በፈረንጆቹ መሆኑን ብቻ አለመርሳት ነው።

በአክሮባት የሚዘጋጅ የፒዲኤፍ ቅጽም አለ፤ ለፕሮፎርማና ለጨረታ ሰነድ ይመቻል። ይህኛው የራሱ አመል አለው። የትኛው ሳጥን ቀድሞ እንደሚታሰብ ኤክሴል በራሱ ያውቃል፤ በአክሮባት ቅደም ተከተሉን ሠሪው ይወስናል። ካልወሰነ ቫቱ ከአሮጌው ድምር ላይ ሊታሰብ ይችላል። በጃቫስክሪፕት ሲጻፍም የተሞላው ቁጥር እንደ ጽሑፍ ከተወሰደ 4000 እና 500 ሲደመሩ 4500 በመሆን ፈንታ 4000500 ይሆናሉ።

ሶፍትዌሩም ዘላለም አይኖርም። ማይክሮሶፍት ለዚሁ ሥራ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን ኢንፎፓዝ በ2014 ተከታይ እንደማይኖረው አስታውቋል። ስሌቱን በዚያ ውስጥ ብቻ ያኖሩ ድርጅቶች እንደገና ከዜሮ መጀመር ነበረባቸው። በአማርኛ ደረጃ በደረጃ ተጽፎ ከውሉ ጋር የታሰረ አንድ ገጽ ወረቀት ግን የትም አይሄድም።

ቅጹ ተሠርቶ ሲመጣ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት ሊፈተን ይገባዋል። ለብድሩ 500,000፣ 18 እና 24 ይሙሉበት፤ 24,962.05 ካላለ ይመልሱት። ወለዱን ዜሮ አድርጉት፤ 20,833.33 ይጠበቃል። ለዛፉ 100,000፣ 190,000፣ አራት ዓመትና 15 በመቶ ሲሞላ 8,633 መውጣት አለበት። ለደመወዙ 12,000 ሲሞላ በእጅ የሚደርሰው 8,910 ነው። ከዚያም አንድ ሳጥን ባዶ ይተዉና ምን እንደሚል ይዩ።